ቀረጥ የማይነካው ጀርባ

ክረምት ሲመጣ ጀርባዬን ያመኛል። ባለፈው ሰሞን ልጄ ይዛኝ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ወገቤን ጫን ጫን እያደረገ «አባባ፣ ከፈረስ ወድቀው ያውቃሉ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «ከዛፍስ?» ከዛፍም አልወደቅኩም። «ታዲያ እንዲህ ያደረገዎት ምንድን ነው?» ቢለኝ «ቀረጥ ነው» አልኩት። ልጄ አንገቷን ደፋች። ሐኪሙ ግን ትሁት ነው፤ ጀርባዬን ተወት አድርጎ ዓይኖቼን በባትሪ ያይ ጀመር።

እንግዲህ ለሐኪሙ ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ። ጊዜ ካለህ ነው ታዲያ። ከሌለህም ቁጭ በል።

በንግሥቲቱ ዘመን አዋሽ መሻገሪያ ላይ ኬላ ጠባቂ ነበርኩ። ከአዳማ ተነስተህ ወደ አርሲ ስትወርድ ወንዙ ሰፋ ብሎ ውሃው የሚሳሳበት ቦታ አለ፤ ያገሩ ሰው መልካ ይለዋል። ባቡሩ አዳማ ላይ መቆም ከጀመረ ወዲህ የአርሲ ቅቤ፣ ማርና ቆዳ በዚያ መልካ እየተሻገረ ወደ ጣቢያው ይጎርፋል። ጨውና አቡጀዲው ደግሞ በዚያው ወደ አርሲ ይመለሳል። በሁለቱ መካከል የቆምኩት እኔ ነኝ። ኬላ ስልህ ትልቅ ነገር እንዳይመስልህ። ሁለት ግንድ፣ በግንዶቹ መካከል አንድ አግዳሚ እንጨት፣ ከጎኑ አንዲት የሣር ጎጆ፣ ጎጆዋ ደጃፍ በርጩማ፣ በርጩማው ላይ እኔ። በቃ።

ዛሬ ሰው ሁሉን ነገር ታክስ ብሎ ይገላገላል። ያኔ እንዲህ ቀላል አልነበረም። የሚሰጠው ነገር ሁሉ የራሱ ስም ነበረው፤ ስሙን የተሳሳተ ሰው ሁለቴ ይከፍላል። ከምርትህ የምታወጣው አስራት ነው። ለፈረደልህ ሰው የምትሰጠው ዳኝነት ነው፤ ለፈረደብህም ያው ዳኝነት ነው። ሹም ፊት ለመቅረብ የምትይዘው መተያያ ነው፣ ባዶ እጅህን ከሄድክ ሹሙ አይታይም። ለመሬትህ የምትገብረው ግብር ነው። እኔ የምቀበለው ደግሞ ቀረጥ ነው። ጌታዬ፣ ማለት ኬላውን ከነጋድራሱ በዓመት ውል የያዘው ሰውዬ፣ ሲቀጥረኝ ያስተማረኝ ትምህርት አንድ ብቻ ነበር። የሚንቀሳቀስ ነገር ቀረጥ አለበት፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ግብር አለበት፤ አንተ የሚንቀሳቀሰውን ያዝ አለኝ። ይህችን ነገር ልብ አድርገህ ያዛት፣ ኋላ ታስፈልገናለች።

ሰው ከቀረጥ ለማምለጥ የማይሠራው ሥራ የለም። ቅቤውን አናቷ ላይ ቆልላ «ተቀብቼ ነው» የምትለኝ ሴት ነበረች። እስከ ዓይኗ ድረስ ተቀብታለች። አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ሰው ቆዳ በአህያ ጭኖ መጣ። «ይህ የንግድ ቆዳ አይደለም፣ የምተኛበት ነው» አለኝ። እስኪ ተኛበት አልኩት። አውርዶ አነጠፈው፣ ተኛ፣ እንቅልፍም ወሰደው። ፀሐይ ሲያቃጥለው ተነስቶ ዓይኑን እያሸ «አመንከኝ?» ሲል ምን ልበለው? አሳለፍኩት። ያን ያህል የተኛ ሰው እውነትም የራሱ አልጋ ላይ ቢሆን ነው።

አሁን ጀርባዬን እንዲህ ወዳደረገው ነገር፣ ወደ ጉተማ ልምጣ።

ኦቦ ጉተማ ከመልካው ማዶ፣ በአርሲ በኩል፣ ወንዙን ተጠግቶ የሚያርስ ገበሬ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት ነው። በገበያ ቀን አንድ ቅል ቅቤ ወይ አንድ እንስራ ማር ተሸክሞ ይሻገራል፤ እኔም እቀርጠዋለሁ። ‹ሚቹ› ይለኝ ነበር። ወዳጄ ማለቱ ነው። ኬላ ጠባቂን ወዳጄ ብሎ የሚጠራ ሰው ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም አልገጠመኝም። ሌላው ሰው ይጠራኝ የነበረበትን ስም ብነግርህ ይህን ወግ የሚያትምልኝ አላገኝም።

አንድ ቀን አንድ ትልቅ መኮንን ወደ ግዛታቸው ሲወርዱ እኛ መልካ ደረሱ። ስማቸውን አላነሳም፤ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም መንገድ ላይ ሰላም ይሉኛል፣ እሱ እንዲቀርብኝ አልፈልግም። ወንዙ ሞልቷል። ትንሽ ይቆዩ ቢባሉ «እኔ ውሃ ልጠብቅ?» ብለው ተቆጡና በቅሏቸውን ኮለኮሉ። በቅሎዋ መሀል ላይ ስትደርስ አዳለጣት። መኮንኑ ከነካባቸው፣ ከነጎራዴያቸው ውሃ ውስጥ ገቡ። አሽከሮቻቸው ዳር ላይ ተደርድረው «ኧረ ጌታችን! ኧረ ጌታችን!» ይላሉ፤ የሚዋኝ የለም። ደጋ ያደገ ሰው ዋና ከየት ያመጣል? እኔም የቡልጋ ልጅ ነኝ። አብሬ «ኧረ ጌታችን!» አልኩ፤ ድምፄ ጥሩ ነበር።

ጉተማ ማሳው ላይ ሆኖ ጩኸቱን ሰማ። ሮጦ መጣ፣ ዘሎ ገባ፣ ሰውዬውን እንደ ሕፃን አዝሎ ጎጆዬ ደጃፍ አምጥቶ በርጩማዬ ላይ አስቀመጣቸው። ውሃውን ተፍተው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ሲያበቁ «ምን ላድርግልህ? ጠይቅ» አሉት።

ይታይህ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሰው ዕድሜ አንዴ ቢመጣ ነው። አሽከሮቹ ከኋላው ሆነው «ጋሻ መሬት በል!» «ሹመት በል!» እያሉ ያንሾካሹኩለታል። ጉተማ ፊቱን ከውሃው ጠራረገ። ከዚያ ወደ እኔ አየና «በጀርባዬ የተሸከምኩትን ይህ ኬለኛ አይቅረጠኝ» አለ። በአካባቢው የነበረ ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። መኮንኑ ግን ሳቁና ብድግ አሉ። «ስማ! እኔን ከውሃ ያወጣ ይህ ጀርባ ያዘለውን ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ቀረጥ አይነካውም! የሰማህ ላልሰማው አሰማ!» አሉ። የትልቅ ሰው ቃል ያኔ ማኅተም አይፈልግም ነበር።

እኔ በሆዴ ምን አልኩ? ሞኝ ነው አልኩ። አንድ ቅል ቅቤ ከቀረጥ ለማዳን ጋሻ መሬት የሚተው ሰው ምን ትለዋለህ? እሱ ግን በሚቀጥለው የገበያ ቀን ቅቤውን አዝሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ቀስ ብሎ፣ እያየሁት አለፈ። አግዳሚውን እንጨት አነሳሁለት። «ደህና ዋልክ፣ ሚቹ» አለኝ። እንዲያ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። መሬት ቢሰጡት እንዲያ አይኮራም ነበር።

ደስታው የቆየው ወሬው አዳማ እስኪደርስ ነው።

መጀመሪያ የመጣው የሚስቱ አጎት ነው። «ይህችን አንዲት ቅል ብቻ፣ እዚያ ከአንተው ጋር» አለው። ለአጎት እምቢ አይባልም። ቀጥሎ ጎረቤቱ መጣ። ቀጥሎ የጎረቤቱ ጎረቤት። ቀጥሎ ልጇ የታመመባት ባልቴት። ጉተማ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ደጃፉ ላይ የቆዳ እስር፣ የቡና ከረጢት፣ የማር እንስራ ተደርድሮ ያገኛል። አንዱን አሻግሮ ሌላውን ሊያመጣ ይመለሳል። ከአዳማም የልብስ ስፌት መኪና ወደ አርሲ የሚወስድ ነጋዴ መጣና አሸከመው። ጉተማ መኪናውን ከነእግሩ አዝሎ ውሃው ውስጥ ሲገባ፣ ነጋዴው ጥላውን ዘርግቶ ከጎኑ እየሄደ «ቀስ፣ መርፌዋን!» ይለዋል።

ይከፍሉት ነበር ወይ ትለኝ ይሆናል። ለምን ይከፍሉታል? «አንተ እንደሆንክ ነጻ ነህ፣ ምን ያስወጣሃል?» ይሉታል። መርቀውት ይሄዳሉ። ሀብት በምርቃት ቢሆን ኖሮ ጉተማ ካገሩ ሁሉ ሀብታም ነበር።

አንድ ቀን ደክሞት «አሞኛል» ብሎ ተኛ። አገሩ ደግሞ በሽተኛ መጠየቅ ያውቃል። ከቀትር በፊት ቤቱ በጠያቂ ሞላ። እያንዳንዱ ጠያቂ ጭነቱን ይዞ ነው የመጣው። «እስኪሻልህ እንጠብቃለን» ብለው በየጭነታቸው ላይ ተቀመጡ። ሚስቱ ጫልቱ ያን ሁሉ ሰው ቡና አፍልታ፣ ቆሎ ቆልታ መመገብ ስትጀምር ጉተማ ተሽሎት ተነሳ።

እምቢ አትልም ወይ ብዬዋለሁ። «እንዴት ብዬ፣ ሚቹ?» አለኝ። «ኮርቷል ይሉኛል። ከጌታ የተሰጠውን ብቻውን በላ ይሉኛል።» እኔ እምቢ ማለት ሥራዬ ነው፤ ለእሱ ግን ከማር እንስራው ይልቅ ያ ቃል ይከብደዋል።

ከሁሉም የባሰችበት እትዬ አስካለ ናት። አስካለ አዳማ ጣቢያው አጠገብ ጠጅ ቤት ያላት፣ ማሯን ከአርሲ ራሷ እየመረጠች የምታስመጣ ሴት ናት። ስትስቅ ጠጅ ቤቱ በሙሉ ይስቃል፤ ስትቆጣ ባቡሩም የሚቆም ይመስለኛል። መልኳ ደስ ይላል፣ ክብደቷም እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። አንድ የገበያ ቀን በርጩማዬ ላይ ሆኜ ወንዙን ሳይ ምን አየሁ? ጉተማ መሀል ውሃው ላይ ነው። ጀርባው ላይ አስካለ ናት። አስካለ ጀርባ ላይ የማር እንስራ ነው።

ኬላው ደጃፍ ሲደርሱ አስቆምኳቸው። ማሩ ይቀረጣል አልኩ። አስካለ ከላይ ሆና «እንዴት ተደርጎ? ማሩን የያዝኩት እኔ፣ እኔን የያዘኝ እሱ። ሁላችንም ጀርባው ላይ ነን!» አለች። ማሩን ያዘለው ጉተማ አይደለም፣ አንቺ ነሽ አልኳት። «እኔንስ ማን አዘለኝ?» አለች። እኔም ግትር ነኝ፣ እሷም ግትር ናት። የሚዳኘን ዳኛ ይፈለግ ተባለ።

ያኔ ዳኛ ማግኘት እንዳሁኑ ቀጠሮ አልነበረውም። መንገደኛ ሲያልፍ «በንግሥቲቱ አምላክ፣ ዳኘን!» ካልከው፣ ወዶም ባይወድ ጭነቱን አቁሞ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይዳኝሃል። አንድ ሸምገል ያሉ እስላም የቆዳ ነጋዴ ሲያልፉ ያዝናቸው። ሽማግሌው ወደ ሰማይ አየት አድርገው «እሺ፣ አውርዷትና እንስማ» አሉ።

አስካለ አልወርድም አለች። «ከወረድኩ እኔም ማሩም መሬት ነካን ማለት ነው። ኋላ ጀርባው ላይ እንደነበርን ማን ይመሰክርልናል?» ሽማግሌው አሰቡና እውነቷን ነው፣ ነገሩ እስኪያልቅ ባለበት ይቆይ አሉ። ክርክሩ ተጀመረ። ወጉ እንደሆነ ተከራካሪ የሚረታበትን ያስይዛል። አንዱ «እሰጥ» ይላል፣ ሌላው «አገባ» ይላል፤ የተረታው የተባለውን ለዳኛው ይከፍላል። ዛሬ ባልና ሚስት ሲነታረኩ እሰጥ አገባ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። አስካለ እጇን ወደ ላይ ወርውራ «ማር እሰጥ!» አለች። እጇን ስትወረውር ጉተማ ተንገዳገደ። እኔም «አገባ!» አልኩ። በየመሀሉ ጉተማ «ማሎ፣ ማሎ!» ይላል፤ እባካችሁ ማለቱ ነው። ተከራካሪ ስላልነበረ ማንም አልሰማውም።

ሽማግሌው ሁለታችንንም ሰምተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ መብት የተሰጠው ምን አዝሎ ነው?» አሉኝ። መኮንኑን አልኩ። «መኮንኑ ባዶ እጃቸውን ነበሩ?» አይ፣ ካባና ጎራዴ ነበራቸው አልኩ። «ጎራዴውን ቀርጠሃል?» ጎራዴ ልቅረጥ? እኔ ሕይወት አልጠላሁም። አልቀረጥኩም አልኩ። «እንግዲያው የታዘለ ሰው የያዘው ሁሉ ከመጀመሪያውም ነጻ ነበር» አሉና ፈረዱብኝ። ዳኝነቱን ማር ልከፍል ነው፤ ማር ደግሞ የለኝም። ከአስካለ ገዝቼ ከፈልኩ። እዚያው ጉተማ ጀርባ ላይ እንዳለች እንስራውን ከፍታ ቀዳችልኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ተበላሸ። ሰው ጭነቱን አዝሎ ጉተማ ላይ ይፈናጠጣል። ጌታዬ ከአዳማ መጥቶ የኬላው ገቢ ወዴት ሄደ ብሎ ጮኸብኝ። ገቢውን ወንዙ ውስጥ ጎብጦ ሲመጣ አሳየሁት።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ጣለ፣ ገበሬው ሁሉ በሬውን ጠመደ። የጉተማ ማሳ ግን ሞፈር አልነካውም። ጧት ይወጣል፣ የሰው ጭነት ሲያመላልስ ይመሻል። የመሬቱ ሹም፣ መልከኛው፣ መጥቶ አየና «ያልታረሰ መሬት ግብር አያወጣም። ግብር ካላወጣህ ለሌላ እሰጠዋለሁ» አለው። ጉተማ ደንግጦ «እኔ እኮ ነጻ ነኝ፣ ጌታው የሰጡኝ» ቢለው፣ መልከኛው «ነጻ የወጣኸው ከቀረጥ ነው። ይህ ግብር ነው» ብሎት ሄደ።

ያን ለት ጎጆዬ ደጃፍ መጥቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ልዩነቱን ንገረኝ አለኝ። ነገርኩት። የሚንቀሳቀሰው ቀረጥ፣ የማይንቀሳቀሰው ግብር። መሬትህ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ግብር አለበት አልኩት። «ታዲያ እዚህ አገር የሚንቀሳቀሰው እኔ ብቻ ነኛ» አለ። ልስቅ ፈልጌ ነበር። ፊቱን ሳየው አልቻልኩም። ያ መሬት አባቱ የተቀበረበት ነው። ጫልቱ ደግሞ ከመልካው ማዶ ቆማ «የሰው ቤት ሁሉ አዝሎ አሻገረ፣ የራሱን ቤት ሊጥል ነው!» እያለች ትጮኻለች። የምትጮኸው በእኔ ላይ ነው። መብቱን የሰጠሁት እኔ እመስላታለሁ።

«ይህን ነገር እንዴት ነው የሚመልሱት?» አለኝ። አሰብኩ፣ አወጣሁ፣ አወረድኩ። ለመስጠት የሚሆን ቃል ሞልቷል፤ መሾም አለ፣ መሸለም አለ፣ ጉልት መስጠት አለ፣ ነጻ ማውጣት አለ። ለመንጠቅም ቃል አለ፤ መሻር፣ መንቀል፣ መውረስ። ወዶ ለመመለስ ግን ስም አጣሁለት። እስከዚያ ቀን የመለሰ ሰው የለማ! የጌታን ስጦታ መመለስ ደግሞ ንቀት ነው፣ ያስገርፋል።

ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ የሚለውን ያመጣው እሱ ነው። ወጉን ታውቀዋለህ። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የበደለው ሰው እግር ላይ ሲወድቅ፣ ያን ሰው መምታት ነውር ነው። «አንተ ግን ምን በደልክ?» ብዬ ብጠይቀው «ልበድል ነው፣ ቀድሜ ልጠይቅ» አለኝ።

መኮንኑ ከግዛታቸው ተመልሰው ባቡር ለመያዝ አዳማ መስፈራቸውን ሰማን። ጉተማ «አማርኛዬ ለገበያ እንጂ ለአዳራሽ አይሆንም፣ አብረኸኝ ሂድና ተናገርልኝ» አለኝ። ደስ እያለኝ እሺ አልኩ። ወዳጄ መሬቱን ያድናል፣ እኔም ኬላዬን አድናለሁ። ሁለት ሰው በአንድ ንግግር!

ድንጋዩን ተሸክሞ ተነሳ። መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ ያስቆመው ጀመር። «ኦቦ፣ ወደ አዳማ ከሆንክ ለምን ድንጋይ? እሱን ጣልና ይህችን ያዝልኝ።» አስካለም በዚያው ቀን ከወንዙ ዳር ነበረች። ድንጋዩን አየችና «ቦታ ይዞብሃል» አለችው። ጉተማ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «እምቢ» አለ። እኔም እሷም ደነገጥን።

መኮንኑ ከጣቢያው ማዶ ድንኳን አስተክለው፣ ምንጣፍ አስነጥፈው ተቀምጠዋል። ጉተማ ከነድንጋዩ በፊታቸው ተደፋ። «ይህ ያ ከውሃ ያወጣኝ ሰው አይደለም? ምን አጥፍቶ ነው?» አሉ። ያን ጊዜ እኔ ወደ ፊት ወጣሁ። አቤት የተናገርኩት ንግግር! ማሳው ጦም ማደሩን፣ ግብሩ መድረሱን፣ ሚስቱ ማልቀሷን ተናገርኩ። «ጌታዬ፣ የሰጡት መብት ሰፊ ነው፣ ጀርባው ግን አንድ ነው። ያሸከሙትን ያውርዱለት» ብዬ ጨረስኩ። ራሴን አስለቀስኩት። ከአሽከሮቹ አንዱ «የጌታን ስጦታ ሊመልስ? ይገረፍ እንጂ!» አለ። ጉተማ ምንጣፉ ላይ እንደተደፋ ድንጋዩን አጥብቆ ያዘ። እኔም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

መኮንኑ እጃቸውን አንስተው አሽከሩን አስቆሙት። «ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ አይገረፍም» አሉ። «ከመሬቱም አይነቀልም፤ ሄዶ ይረስ። ግን እኔ የተናገርኩት መሬት አይወድቅም። የሚሸከመው ጀርባ ያስፈልጋል።» ከዚያ ወደ እኔ አዩ። «አንተ ማነህ?» አሉኝ።

«ኬላ ጠባቂው ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ውሃ የወሰደኝ ቀን ነበርክ?»

«ነበርኩ፣ ጌታዬ።»

«ድምፅህን አውቄዋለሁ። ‹ኧረ ጌታችን› ስትል ነበር። ውሃ ውስጥ ገብተህ ነበር?»

እግሬን አየሁት። ደረቅ ነው።

«ለወዳጅህ እንዲህ ካዘንክለት ሸክሙን ውሰድለት። ለጉተማ የሰጠሁት መብት ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሰው ጀርባ ይሁን! የሰማህ ላልሰማው አሰማ!»

እጅ ነሳሁ። ሲሰጥህ እጅ ትነሳለህ እንጂ አትከራከርም። አሽከሮቹ «እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ። ጉተማ ቀስ ብሎ ተነሳ። ድንጋዩን የሚያኖርበት ፈለገ፤ ወለሉ ሁሉ የጌታ ምንጣፍ ነው። ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። ከዚያ ይቅርታ በሚጠይቅ ዓይን እያየኝ ለእኔ አቀበለኝ።

የአስካለ ሰዎች ከእኛ ቀድመው መልካው ደርሰዋል። ስመለስ ጎጆዬ ደጃፍ ላይ እንስራው ተደርድሮ ጠበቀኝ። ጌታዬም ከኬላው አላባረረኝም። «ስታዝል የማትቀርጥ፣ ስትቀርጥ የማታዝል ሁን» ብሎኝ ሄደ። ለማን ልንገር? ድንጋዩስ አለኝ፤ የሚናገርልኝ ከየት ይመጣል?

ጉተማ ግን አረሰ። ዘግይቶ ዘራ፣ ዝናቡም ደረሰለት፣ በቀለ። ውሃው መሀል ጎብጬ ቀና ስል ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ይታየኛል። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ወዲያው ደግሞ አንዱ ከላይ ሆኖ «ምን ቆመሃል?» ይለኛል።

ጤፉ ተወቅቶ ግብሩን ገበረ፣ አስራቱን አወጣ፣ መሬቱም በእጁ ቀረ። ከዚያ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ጤፉን በአህያ ጭኖ እንደ ማንኛውም ሰው ሊቀረጥ መጣ። ነጭ ለብሷል፣ የቀረጡን መሐለቅ በእጁ ይዟል። ኬላው ደጃፍ ቆመ። ቀራጭ የለም። በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። በመጨረሻ ወደ ወንዙ ቢያይ፣ እኔ መሀል ውሃው ላይ ነኝ። ጀርባዬ ላይ አስካለ፣ አስካለ ጀርባ ላይ የማር እንስራ።

«ሚቹ!» ብሎ ተጣራ። «ቀረጤን ለማን ልክፈል?»

አንገቴን ቀና አድርጌ መመለስ አልቻልኩም። ከላይ ሆና የመለሰችለት አስካለ ናት። «ዛሬ ቀራጭ የለም፣ ኦቦ! አንተ ነጻ ነህ፣ እለፍ!» አለችው።

ጉተማ ነጻ የምትለዋን ቃል ሲሰማ ከበርጩማው ብድግ አለ። መሐለቁን ጎጆዬ ውስጥ ወረወረና አህያውን እየነዳ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየን፣ ወደ አዳማ ሮጠ።